ከኮረብታው በጀርባዬ ያወረድኩት

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው፤ ቁጥሩንም የሚያውቀው የመቶ አለቃው ነው። ኦጋዴን ውስጥ ነው፤ ዛፍ የማይታይበት፣ ድንጋዩ ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሚፋጅ። እኛ ሞርታረኞቹ አሥራ አንድ ነበርን። ከመካከላችን ሁለታችን የአንድ አገር ልጆች ነን፤ እኔ የመርሳ፣ ይመር የሲሪንቃ። ይመር የሞርታሩን አፈሙዝ ይሸከማል፣ እኔ መቀመጫውን። መቀመጫው መሬት ላይ ተነጥፎ ሞርታሩ የሚቆምበት ድፍን ብረት ነው፤ ከሃያ ኪሎ በላይ ይመዝናል።

ቦታውን ሦስት ቀን ያዝነው። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ጠላት በሁለት በኩል መጣብን። ተኮስን። ቅምቡላችን አለቀ። ረፋዱ ላይ «ልቀቁ!» የሚል ትእዛዝ ደረሰ። ይመር ሆዱን ተመትቶ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ቁስሉን በሁለት እጁ ይዞ «ወንድሜ፣ እንዳትተወኝ» አለኝ። ላነሣው ጎንበስ ስል የመቶ አለቃው ከኋላዬ ደረሰ።

«ብረቱን! ብረቱን አንሣ! የመንግሥት መሣሪያ ለጠላት ሊቀር ነው?»

«ጌታዬ፣ ሰውዬው በሕይወት አለ።»

«ትእዛዝ ነው!» ሽጉጡን መዟል።

ብረቱን አነሣሁ። ስለዚህ ነገር ሰበብ አልደረድርላችሁም። ቁልቁለቱ ላይ ጠጠር አንሸራተተኝና ብረቱን እንዳዘልኩ ገደል ቢጤ ውስጥ በጀርባዬ ወደቅሁ። ወገቤ የዚያን ቀን ተሰበረ ማለት ይቻላል። በወሩ የጦር መሣሪያ ጠጋኙ ብረቱን ገልብጦ አየና «ይሄ እኮ ድሮም የተሰነጠቀ ነው፤ አይሠራም» ብሎ ከመጋዘኑ ጀርባ ወረወረው። እዚያው ሣር በቀለበት። እስከ ዛሬ ያን ብረት ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ሕመሙ ከጦሩ አሰናበተኝና አገሬ ገባሁ። በእኛ አገር መርዶ ማለዳ፣ ሽማግሌ ተይዞ ነው የሚነገረው። ከእኔ ጋር ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ሲሪንቃ መጡ። ዋናው አያ ደምሴ ነበሩ። መንገድ ላይ የሆነውን ሁሉ አጫወትኳቸው። ቆም አሉና «እናት ናት። ተትቶ ቀረ አይባልም፤ ትሞትብናለች። አንተ አፍህን ያዝ፣ ተናጋሪው እኔ ነኝ» አሉ። የይመርን እናት፣ እማማ የሺን፣ ከደጃፍ አስቀምጠው «ልጅዎ ሜዳ ላይ አልወደቀም። በዚህ ልጅ ጀርባ ላይ ነው ነፍሱ የወጣች» አሏቸው።

እማማ የሺ እየጮሁ ተነሥተው ጀርባዬን ሳሙት። ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ደግነት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ መርሳ ላይ፣ ከመኪና መንገዱ ዳር፣ ጎሚስታ ከፈትኩ። ስምንት ዓመት ወገቤን በመቀነት ጠፍሬ ጎማ ለጠፍኩ። የከባድ መኪና ጎማ ማንሣት ከቀረ ቆየ፤ ሾፌሮቹ ራሳቸው ያንከባልሉልኛል። ጣውላ ላይ ካልሆነ አልተኛም። በመጨረሻም የግራ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ሲቀር አይሰማኝም፤ ሰው ጠርቶ ነው የሚሰጠኝ።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሙ የወገቤን የራጅ ፎቶ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና «አጥንቱ ነርቭህን ተጭኖታል። ኦፕራሲዮን ካልሆንክ እግርህ ይሽመደመዳል። ብትሆንም ላይነሣ ይችላል። አሥር ቀን አስብበት» አለኝና ወረቀት ሰጠኝ። ብሞት ወይም ሽባ ብሆን ማንም ተጠያቂ እንደማይሆን የምፈርምበት ወረቀት ነው። በንዴት ልቀደው ምንም አልቀረኝም። ኮረብታው ላይ ማን አስፈረመኝ? ብረቱን ስሸከም ማን አሥር ቀን ሰጠኝ? በሐኪሙ መናደዴ ግፍ ነበር፤ ፈቃዴን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

መርሳ ስመለስ አገሩ ሁሉ ሐኪም ሆኖ ጠበቀኝ። አንዱ ወጌሻ ይጠራልኛል፣ አንዱ ጠበል ያዝልኛል። አንድ ሾፌር ደግሞ ጎማው ሲለጠፍለት እየጠበቀ «ወገብ ተነክቶ የዳነ ሰው አላየሁም» ይለኛል። ስንት ሰው እንዳየ ብጠይቀው «ጎማዬ አልደረሰም?» ይላል። ለሌላው ጀርባ ሁሉም ደፋር ነው።

በስምንተኛው ቀን እማማ የሺ ከሲሪንቃ በአውቶቡስ መጡ። በየዓመቱ ይመጣሉ፤ ቅቤ ይዘው፣ ጀርባዬን ሊያሹ። ጣውላዬ ላይ በሆዴ ተኝቼ አገኙኝ።

«ሰማሁ» አሉ። «ልጄን ያዘለ ጀርባ ቢላ አይነካውም! እኔ ቁሜ አይነካውም!»

እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ልላቸው ነበር። ፍርሃቴን የምሸሽግበት ምክንያት ሰጡኝ። እኔም ውስጤ የቆረጠው ከኦፕራሲዮኑ ለመቅረት ነበር። እማማ የሺ ቅቤውን በመዳፋቸው አሟሙተው ማሸት ጀመሩ። እጃቸው ትከሻዬ መካከል ሲደርስ ቆመ።

«ራሱን ያሳረፈ እዚህ ላይ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«አይደለም እማማ። እኔ ያዘልኩ ብረት ነው።»

እጃቸው አልተነሣም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ትእዛዙን፣ ሽጉጡን፣ የአያ ደምሴን ምክር። ፊታቸውን ሳላይ ጣውላውን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

«ስትተወው ሕይወት ነበረው?»

«ነበረው።»

«ተናግሯል?»

«እንዳትተወኝ ብሏል።»

እጃቸውን አነሡ። ቅቤውን በነጠላቸው ጫፍ አንድ በአንድ ከጣታቸው ሲጠርጉ ይሰማኛል።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ብረት ነው ስስም የኖርሁ?» አሉ። ቀጥለውም «ተነሥ። ኸድና ተቀደድ። ከእንግዲህ በልጄ አታሳብብ» ብለው ወጡ።

በአሥረኛው ቀን ፈረምኩ። ከኦፕራሲዮኑ ነፍሴ ተረፈች። ሕመሙ ገሚሱ ለቀቀኝ፤ እግሬ ግን እንዳነከሰ ቀረ። ሐኪሙ ዋሽቶኝ አያውቅም፣ አመሰግነዋለሁ። የመቶ አለቃው በኋላ ሻምበል እንደሆነ ሰማሁ። እሱን ይቅር አላልኩትም፤ እንድልም አትምከሩኝ።

መራመድ እንደቻልኩ ከዘራ ይዤ ሲሪንቃ ሄድኩ። እማማ የሺ ከደጅ ድንጋይ ላይ እንድቀመጥ ጠቆሙኝ። ወደ ቤት ግባ አላሉኝም፤ አልፈረድኩባቸውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ያረፈ ስንት ሰዓት ላይ ይሆን?»

«አላውቅም እማማ።»

ከአሥራ አንዳችን አምስት ሞቱ። ሁለቱ ሲነጋ አብረው ወደቁ። ሦስተኛው ሁለት ሰዓት ላይ ቅምቡላ ሲያቀብለኝ ሞተ። አራተኛው ቁልቁለቱን ስንጀምር ነው። ልጆች ወደ ጎሚስታው እየመጡ ስንት ጠላት እንደገደልን ይጠይቁኛል፤ አልቆጠርኩም። የሟቾቻችንን ሰዓት ግን የአራቱን አውቃለሁ። የይመርን አላውቅም።