አቶ ሃድጉ ዝም ያሉበት ቪዲዮ

አቶ ሃድጉ ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ማስተማሩን ግን ያልተዉ ሰው ናቸው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያስተምራሉ፤ ሥጋ ቤት ገብተው ስለ ቢላዋው ብረት ያብራራሉ። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ መንገድ የጠየቃቸው ሰው፣ መንገዱን ሳያገኝ የጠፋበትን ምክንያት አውቆ ይሄዳል። የካዛንቺስ ሰው ከሩቅ ሲያያቸው ቀድሞ የሚያየው ሰዓቱን ነበር።

ከሁሉ የሚወዱት የዕድሩን ጸሐፊነት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ይዘውታል። ማኅተሙ በመሀረብ ተጠቅልሎ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አይወጣም። ጡረተኛ ሆኖ ማየት ነው፤ ሰውየው ካልመጣ የማይጀመር አንድ ነገር በዓለም ላይ ከቀረለት፣ ያችን እንደ ነፍሱ ይይዛታል።

ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ አባላቱ በየአቅጣጫው ተበተኑ። አቶ ሃድጉ ቂርቆስ፣ ልጃቸው አምሳለ ዘንድ ገቡ። ዕድሩ ግን አልፈረሰም፤ የኮሚቴው ስብሰባ በዙም ሆነ። አምሳለ ስታዲየም አካባቢ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ብላ ስክሪን የሚቀዳ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ጫነችላቸው። ሁለት ሳጥኖች አሳየቻቸው። አንዱ ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ድምፅ ይቀዳል፣ ሌላው ማይክሮፎኑን። «ሁለቱም ላይ ምልክት አድርግ አባዬ፣ በቃ ሌላ ነገር የለውም» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

አቶ ሃድጉ ብቻቸውን ሲቀሩ አሰቡበት። ድምፄ በማይክሮፎኑ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል፤ ከገባ እዚያው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ታዲያ ማይክሮፎኑን ደግሞ ብቀዳው ሁለት ጊዜ አልቀዳም ወይ? ብለው የማይክሮፎኑን ምልክት አጠፉት። ትልልቅ ስሕተቶች የሚወለዱት ከአላዋቂነት ሳይሆን ከእንዲህ ያለ የተስተካከለ ሐሳብ ነው።

በዚያ ስብሰባ ጠብ ተነሣ። ነገሩ የዕድሩ ድንኳን የት ይቀመጥ የሚል ነበር። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ገበያነሽ ከነበረበት አይነቃነቅም አሉ። አቶ ሃድጉ ሃያ ደቂቃ ስለ ሸራና ስለ እርጥበት ካስረዱ በኋላ ትዕግሥታቸው አለቀ። «እርስዎ ሰብሳቢ ሳይሆኑ የድንኳኑ ምሰሶ ነዎት፤ ያቆሙዎት ቦታ ነው የሚቀሩት» አሉ።

በዕድሩ ደንብ መሠረት፣ ስብሰባ ላይ የተሳደበ ኃላፊ ከቦታው ይነሣል። ወይዘሮ ገበያነሽም ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አቀረቡ። አቶ ሃድጉ አልሰደብኩም፣ የገለጽኩት ባሕርይ ነው፣ ቪዲዮ ስላለ አባላት ሰምተው ይፍረዱ ብለው በቴሌግራም ጻፉ። ከጻፉ በኋላ ቪዲዮውን ከፈቱት።

የሁሉም ሰው ድምፅ አለ፣ የእሳቸው የለም።

አምሳለ ከኋላቸው ቆማ ሰምታ ሳቋን መያዝ አቃታት። ማይክሮፎን አለመቀዳቱን ለሰዎቹ መንገር አለብህ፣ ያለዚያ ማታለል ነው አለቻቸው። አቶ ሃድጉ ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን ሰው ሲያዳምጡ አዩና በጣም ወደዱት። «እኔ የቆረጥኩት ነገር የለም» አሉ። «መሣሪያው የሰማውን ሰምቷል።»

እሑድ ጠዋት ጉባኤው ቂርቆስ፣ በአንድ አባል ግቢ ተሰበሰበ። የዕድሩ ንብረት ክፍል ኃላፊ ሙክታር ቪዲዮውን በቴሌቪዥን ከፈተው። ወይዘሮ ገበያነሽ፣ «እስኪ ደግመው ይበሉት!» ይላሉ፤ ጸጥታ። ሙክታር ራሱ፣ «ጋሽ ሃድጉ፣ ኧረ ይብቃዎት፣ በአላህ» ይላል፤ ጸጥታ። ወይዘሮ ገበያነሽ እንደገና፣ «እኔን ነው? እኔን?» ብለው ይንቀጠቀጣሉ፤ ረጅም ጸጥታ። በስክሪኑ ጥግ አቶ ሃድጉ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ግን ምስሉ የጥፍር ያህል ስለሆነ ጸሎት የሚያደርሱ ይመስላሉ።

ጉባኤው ደነገጠ። ኮሚቴው ውስጥ የነበሩት ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ስለነበር የገዛ ጆሯቸውን ተጠራጠሩ። ሙክታር ራሱን እያከከ የሰማሁ መስሎኝ ነበር አለ። ከኋላ አንዲት እናት እንዲህ የሚችል ሰው እያለን እስከ ዛሬ አለማወቃችን ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። አቶ ሃድጉ ወደ መሬት አዩ፤ ማኅተሙ ከነመሀረቡ ደረታቸው ላይ ሞቀ።

ወይዘሮ ገበያነሽ ተነሡ። ቪዲዮው ሲታይ ከሁሉ ዘግይተው ዓይናቸውን ከስክሪኑ ያነሡት እሳቸው ነበሩ።

«ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ታጋሽ ሰው ስም ሲጠራና ማኅተም ሲመታ መኖሩ ግፍ ነው። የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ አጥተናል። ጸሐፊነቱን ለሙክታር እንስጥና አቶ ሃድጉ የዕድሩ ዋና አስታራቂ ይሁኑልን።»

ጭብጨባው ግቢውን ሞላው። አቶ ሃድጉ ብድግ አሉ። እምቢ ቢሉ ትዕግሥታቸው ምኑ ላይ ነው? አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ጭብጨባ ሲሄድ አዩና እውነቱን ከማውጣት ሌላ መንገድ አጡ።

«ማይክሮፎኑ ጠፍቶ ነበር» አሉ። «እኔ ተናግሬያለሁ። ሰድቤአቸዋለሁ።»

ወይዘሮ ገበያነሽ ወደ ጉባኤው ዞሩ። «አያችሁ? በእኔ ላይ እንዳትፈርዱ ብለው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ሲያደርጉ!» ከዚያ ወደ አቶ ሃድጉ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «ምሰሶ እንደሆንኩ እኔም እርስዎም እናውቃለን» አሉ፤ «አሁን ማኅተሙን ያምጡት።»

አቶ ሃድጉ መሀረቡን ፈቱ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት የመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት መጡ። ሚስትየዋ ከሰርጓ ቀን ጀምራ ተናገረች፤ ባልየው ከዚያ በፊት ካለው ጀመረ። አቶ ሃድጉ ሁለት ሰዓት ተኩል ቻሉ። የጠቡ መንስኤ ግልጽ ሆኖ ታይቷቸዋል፤ በሦስት ክፍል የሚብራራ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሚስትየዋ በጣም ተገረመች። «አባቴ» አለች፣ «እርስዎማ ያዳምጣሉ ነው ያሉን።»

አቶ ሃድጉ አፋቸውን ገጥመው እንድትቀጥል በእጃቸው አሳዩአት።