«አመለጠችኝ» የማይባልበት ሜዳ

በረኛ ሆኜ በተጫወትኩባቸው ዓመታት ሁሉ በጣም የምትመቸኝ ቃል «አመለጠችኝ» ነበረች። ኳሷ በእጄ ስር ሾልካ መረብ ስትነካ ተነስቼ ጉልበቴን አራግፋለሁ፣ «አመለጠችኝ» እላለሁ፣ ተከላካዮቹ «አይዞሽ» ይሉኛል፣ በቃ። ያመለጠችው ኳሷ ናት፤ እኔ የተበደልኩ ሰው ነኝ። ቃሏ ምን ያህል እንደምትመች ያወቅኩት አዲሱ አሰልጣኛችን ሲከለክሉኝ ነው።

ቡድናችን የሰፈር የሴቶች ቡድን ነው፤ ሜዳችን ከጉርድ ሾላ ዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይገኛል፣ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። የድሮው አሰልጣኛችን ሆደ ቡቡ ሰው ነበሩ። ከምንሮጠው የምናወራው ይበልጥ ነበር፤ እሳቸውም አብረውን ያወሩ ነበር። ጤናቸው ሲታወክ ተሰናበቱንና ኮሚቴው ሌላ ሰው አመጣ፦ ሃምሳውን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ዕድሜያቸውን ትምህርት ቤት ውስጥ ስፖርት ሲያስተምሩ የኖሩ። አምበሏ እኔ ስለነበርኩ ሰላምታ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። «ነገ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉኝም።

የምኖረው ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ነው። በዚያ ጠዋት ኢምፔሪያል ላይ ታክሲ መቀየር ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። ከሰዓቱ አስር ደቂቃ አልፎ ደረስኩ።

«ረፈደብኝ ኮች» አልኳቸው።

«ቀኑ ነው የረፈደው ወይስ አንቺ ነሽ ያረፈድሽው?»

«ታክሲ ጠፋ፣ ከዚያ ደግሞ መንገዱ ተዘጋጋ…»

«እሺ፣ ታክሲውም መንገዱም የራሳቸውን አድርገዋል። አንቺስ ምን አደረግሽ?»

መልሱን አውቄዋለሁ፤ ግን ከአፌ ለማውጣት አልፈለግኩም። በመጨረሻ «አረፈድኩ» አልኩ፤ እሳቸውም በጣታቸው ሜዳውን አሳዩኝና «ስምንት ዙር» አሉ። ልጆቹ ሰውነት እያሟሟቁ ከጎን ያዩኝ ነበር። አስራ አንድ ዓመት በተጫወትኩበት ሜዳ እንደ ጀማሪ አስሮጡኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ኳስ አላስነኩንም። ስንሮጥ፣ ስንዘል፣ በሆዳችን ስንሳብ ሰነበትን። ኳሷ ስትመጣ ደግሞ የማናውቀውን ሕግ ይዛ መጣች። እርስ በርስ ስንጫወት ጎል ከገባ ፊሽካ ይነፋሉ፤ ሁላችንም ባለንበት እንቆማለን፤ ጥፋቱ የሷ የሆነችው እጇን አውጥታ «የኔ» እስክትል ድረስ ጨዋታ የለም። «የኔ» ያለች አትቀጣም፣ አትመከርም፣ ለምን አትባልም። ፊሽካው ይነፋል፣ እንቀጥላለን። «ገባች»፣ «ሾለከችብኝ»፣ «አመለጠችኝ» ግን አይቻልም።

የመጀመሪያዋ ጎል፣ እንደ ዕድሌ፣ በእግሮቼ መካከል ገባች። ፊሽካው ተነፋ፣ ቆምን።

«አመለጠችኝ» አልኩ።

«እግር አላት እንዴ?» አሉ አሰልጣኙ፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ሳይኖር።

ቡድኑ ፈነዳ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው የመሀል ተከላካያችን ነበረች፣ የቡድናችን ትንሿ፤ ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች። አምበል ነኝና እጄን አላወጣሁም። ሳቁ አለቀ፣ ፀሐይዋ ከሕንጻዎቹ በላይ ወጣች፣ ላባችን በላያችን ላይ ደረቀ። በመጨረሻ ያችው ልጅ ተነስታ እጇን አወጣች። «የኔ ነው ኮች፣ አጥቂዋን ለቀቅኳት።» ፊሽካው ተነፋ። እውነት ለመናገር ትንሽ ለቃታለች። ኳሷ ግን የኔ ነበረች፤ እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ያን ቀን ከሳቋ ይልቅ ደግነቷ ነው ያናደደኝ።

ለኮሚቴው ሰብሳቢ ደብዳቤ የጻፍኩት በዚያ ሰሞን ነው። «እኛ ተጫዋቾች በሙሉ» ብዬ ጀመርኩ። በሙሉ ያልኳቸውን አንዳቸውንም አልጠየቅኩም፤ ሁለቱ ታክሲ ውስጥ «ኧረ ሰውዬው ገደሉን» ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ለኔ በቂ ነበር። ስም አልፈረምኩም። «የቡድኑ መንፈስ ተበላሽቷል፣ ሞራላችን ተነክቷል፣ መተማመን ጠፍቷል» ይላል። ዛሬ ሳነበው የሚገርመኝ በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድም ሰው አንድም ነገር አለማድረጉ ነው። ሁሉም በራሱ ተበላሽቶ፣ በራሱ ተነክቶ፣ በራሱ ጠፍቷል። ሐሙስ ዕለት ልጆቹ አደራ አሉኝ ብዬ ለሰብሳቢው ሰጠሁት። አንብቦ ኪሱ ከተተና «ቅዳሜ ግጥሚያችሁን ተጫወቱ፤ ከተሸነፋችሁ ይህን ይዤ አሰናብታቸዋለሁ» አለኝ።

በማግስቱ፣ አርብ ጠዋት፣ አሰልጣኙ አረፈዱ።

ደስታችንን ባየ! አንዷ ሰዓቷን እያየች ደቂቃ ትቆጥራለች፣ ሌላዋ የሳቸውን ድምፅ አስመስላ «ቀኑ ነው የረፈደው?» ትላለች። የቦሌ መንገድ ለእንግዳ ማለፊያ ተዘግቶ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ከመዘጋቱ በፊት ለጥቂት ነው ያለፍኩት። ይህን ምክንያት ደግሞ ማንም ሰው አይከራከረውም። ስለዚህ የሚናገሩትን ለመስማት ጓጉቼ ቆምኩ። የኳሶቹን ከረጢት ተሸክመው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ደረሱ።

«አረፈድኩ» አሉ።

ከረጢቱን አስቀመጡና መሮጥ ጀመሩ። ስለ መንገዱ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ሦስተኛው ዙር ላይ ሳቃችን አለቀ። አምስተኛው ላይ በቀኝ እግራቸው ማነከስ ጀመሩ፤ ያቺ ትንሿ ተከላካይ ታኬታዋን ሳታስር ሄዳ አጠገባቸው መሮጥ ጀመረች፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሏት። እኔ የጎሉን ቋሚ ተደግፌ ቆይቼ የመጨረሻዋን ዙር ብቻ ሮጥኩ። ከኋላቸው ነበርኩ፤ ቱታቸው ጀርባቸው ላይ በላብ ተጣብቆ ይታየኛል። አፈርኩ። ደብዳቤው ግን ከእጄ ወጥቷል፣ አልኩ ለራሴ። ወጥቷል። በእግሩ ተራምዶ የወጣ ይመስል።

ልምምዱ ሲያልቅ ሰብሳቢው ጋ መደወል እችል ነበር። ስልኬን አውጥቼ አየሁት፣ መልሼ ከተትኩት። ብናሸንፍ ደብዳቤው እዚያው ኪስ ውስጥ ይቀራል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ቅዳሜ ጥሩ ተጫወትን፣ እንዲህ ተጫውተን አናውቅም። ያ ሁሉ ሩጫ የት እንደገባ የገባን ያን ቀን ነው፤ ተጋጣሚዎቻችን ወገባቸውን ሲይዙ እኛ ገና ትንፋሽ ነበረን። ሊያልቅ ሲል ኮርና ተሰጠባቸው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ የተሰጠው ግን በእኛ ላይ ነው። አሰልጣኙ ኮርና ሲመጣ መስመሬ ላይ እንዳልቆም፣ «የኔ!» ብዬ ጮኼ እንድወጣ አስተምረውኛል። በረኛ «የኔ» ካለች ተከላካይ ትተዋለች። ኳሷ ስትነሳ «የኔ!» ብዬ ጮህኩ። በግንባሯ ልትመታት የተዘጋጀችው ትንሿ ተከላካይ ጎንበስ ብላ ተወችልኝ። አልደረስኩባትም። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን።

ቆርቆሮ በተከደነችው መልበሻችን ተሰብስበን ሳለ ሰብሳቢው ገባ። በቀጥታ ወደ ትንሿ ተከላካይ ሄደ።

«ግንባርሽ ላይ የመጣችን ኳስ ለምን ተውሻት?»

መሬት መሬት አየች። ድምፄን ሰምታለች፤ «እሷ ጠርታት ነው» ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

«የኔ ነው» አሉ አሰልጣኙ። «በረኛዋን ውጪ ያልኳት እኔ ነኝ። በደንብ ሳላለማምዳት አስወጣኋት።»

«እንግዲያው አልተቸገርንም» አለ ሰብሳቢው። ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። «ተጫዋቾቹም በሙሉ ከእርስዎ ጋር መቀጠል አንፈልግም ብለዋል። እዚሁ ብንጨርሰው ይሻላል።» ማንበብ ጀመረ። የራሴን ቃላት በሌላ ሰው አፍ ስሰማቸው ቀፈፉኝ።

አሰልጣኙ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ዞር ብለው አዩን፣ አንድ በአንድ።

«ሁላችሁም?» አሉ።

ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እያንዳንዷ ሌላዋ የምታውቅ መሰላት። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ልክ በዚያ በመጀመሪያዋ ጎል እንደቆምነው ቆምን። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። እሳቸው ከረጢታቸውን አንስተው ይሄዳሉ፣ እኔም አምበልነቴን ይዤ እቀራለሁ። እጄ ከበደኝ ልል ነበር። እጄ አልከበደም፤ እኔ ነኝ የፈራሁት። ጓንቴን እንዳጠለቅኩ እጄን አነሳሁ።

«የኔ» አልኩ።

«ምኑ?» አለ ሰብሳቢው።

«ደብዳቤው። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ማንንም አልጠየቅኩም። ኳሷም የኔ ናት። ‹የኔ› ብዬ እሷን አስተውኳትና አልደረስኩም።»

«በሙሉ ይላል እኮ።»

«ዋሸሁ።»

ሰብሳቢው ልጆቹን አየ። ትንሿ ተከላካይ «እኛ ኮችን እንፈልጋቸዋለን» አለች፣ ሌሎቹም «አዎ» አሉ፤ ታክሲ ውስጥ «ገደሉን» ያሉት ሁለቱም ጭምር። ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፎ እጄ ላይ አስቀመጠና ወጣ። የማሰናበት ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዴ መፍታት ጀመርኩ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። አሰልጣኙ ኪሳቸውን ዳበሱና ፊሽካቸውን አወጡ። አንዴ፣ አጠር አድርገው ነፉት።

«ሰኞ አስራ ሁለት ሰዓት» አሉ።

ልጆቹ ሳያስቡት ተንቀሳቀሱ፣ ታኬታቸውን ማውለቅ፣ ማሊያቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ። እንባዬ መጣብኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። አለቀስኩ።