በለቅሶ ቤት የተደበቁት ጊኒ ፒጎች

የደረቀ ሣር ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ ፊቴ ይግላል። ባለፈው ሰሞን እዚህ ካናዳ፣ ኖርዝ ዮርክ ከሥራ ወጥቼ ወደ ሰብዌይ ባቡሩ ስሄድ፣ በአንድ የቤት እንስሳት መሸጫ ደጃፍ ሳልፍ ያው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ፣ ሰው ያየብኝ ይመስል አንገቴን ደፍቼ እርምጃዬን አፋጠንኩ። ሣሩ የጊኒ ፒግ፣ የዚያች አይጥ መሰል የቤት እንስሳ፣ መኖ ነው፤ እኔን ግን ሪጀንት ፓርክ ወደነበረው ቤታችን፣ ወደ ወላጆቼ ቁም ሣጥን ይመልሰኛል።

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነበር አባቴ፣ ታክሲ ይነዳ ስለነበር፣ አንዲት ደንበኛው ቤት ስትለቅ ልትተዋት የነበረችውን ጊኒ ፒግ ከነሽቦ ቤቷ ተሸክሞ የመጣው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ሰው ከአይጥ ይሸሻል፣ አንተ ተሸክመህ ትመጣለህ?» አለችው። «አይጥ አይደለችም፣ ጭራ የላትም» አለ፤ ክርክሩም በዚሁ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ግን የሕንፃው ደወል በጮኸ ቁጥር፣ እንግዳው በሊፍት እስኪወጣ ድረስ ሽቦ ቤቱን አቅፌ እየሮጥኩ ቁም ሣጥን ውስጥ እከተው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሳይደውሉ ስለሚመጡ፣ «እነ እንትና አይጥ ያረባሉ» መባል እናቴን ከምንም በላይ ያስፈራት ነበር። ፍርሃቷ ወደ እኔም ተላልፎ፣ ትምህርት ቤት በኩራት የማወራላትን እንስሳ ሐበሻ ፊት እክዳት ጀመር።

በረዶው ሲበረታ ጊኒ ፒጓ ወለደች፤ እርጉዝ መሆኗን ማናችንም አላወቅንም ነበር። ልጆቿ ጠጉራቸውን ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ነበር የተወለዱት፤ የመጨረሻዋ ግን የወንድሞቿን ግማሽ እንኳ አታህልም። ከትምህርት ቤት ያመጣሁት መጽሐፍ ክብደታቸው በየቀኑ መጨመር እንዳለበት፣ የቀነሰ ግን አፋጣኝ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ይናገር ነበር። ስለዚህ በርበሬ ይቀመጥበት የነበረውን የአይስክሬም ዕቃ አጥቤ፣ በእናቴ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጬ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ እመዝናቸው ነበር። ዕቃው የቱንም ያህል ቢታጠብ የበርበሬው ሽታ ስለማይለቀው፣ ታናሿን ባስነጠሳት ቁጥር የሚዛኑ ቁጥር ይዘል ነበር። ዓይኗን አይቼ፣ አፍንጫዋ እርጥብ እንዳይሆን ነካክቼ፣ መኖ በውሃ አላቁጬ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጠብ ጠብ አደርግላት ነበር። እናቴ «ያቺ አይጥሽ» እያለች ታፌዝብኛለች፤ ግን ጎመን እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ዛሬስ ጨመረች?» ማለት አትረሳም ነበር። አዎ፣ በጥቂቱም ቢሆን ትጨምር ነበር።

በሁዳዴ ጾም፣ በረዶው መቅለጥ እንደጀመረ፣ አንድ ማለዳ ሚዛኑን ገና ሳላወጣ ደወሉ ጮኸ። እንደ ልማዴ ደብቄያቸው ስመለስ እትዬ አስካለ፣ የእናቴ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ፣ ሌሎች አዋቂዎችን አስከትለው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆመዋል። እናቴ ገና ስታያቸው ጮኸች። መርዶ ነበር፤ ደብረ ብርሃን የነበረችው የአባቴ እናት አርፋለች።

አባቴ ከአገር ከወጣ ጀምሮ አላያትም ነበር። ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል እንጂ አያለቅስም። «አንቺ ልጅ፣ ነይ አባትሽ ጎን ተቀመጪ» አሉኝ እትዬ አስካለ፤ ተቀመጥኩ። ቤቱ ሞላ፤ የለቀስተኛው ካፖርት ወላጆቼ አልጋ ላይ ተቆለለ። ከመኝታ ቤቱ የጊኒ ፒጎቹ ፉጨት ሲሰማ አንድ ሽማግሌ ጆሯቸውን ቀስረው «ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

«ሂተሩ ነው፣ ማሞቂያው» አለች እናቴ፤ «የሕንፃውን ማኔጅመንት ኮል አድርገን ነበር።»

«የእናንተ ሂተር ደግሞ እንደ ጫጩት ነው እንዴ የሚጮኸው?»

እኔ የማስበው ታናሿ አለመብላቷን ብቻ ነበር። አያቴን በስልክ «ደህና ነሽ?» «ደህና» ከመባባል በቀር አላውቃትም፤ ፊቷን ለማሰብ ብሞክር የስልኩ መንሿሿት ብቻ ይመጣብኛል። እትዬ አስካለ ደረቅ ዓይኔን አይተው «እነዚህ የካናዳ ልጆች እኮ እንባቸውም በቀጠሮ ነው» ብለው ለጎናቸው ሴት ሹክ አሉ፤ ግን ሁሉም ሰምቷል። ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር። ግን የአባቴ እናት ሞታ ሳለ እንስሳ ላበላ ነው የምሄደው ብሎ ማን ይናገራል? ሳልነሣ ዋልኩ። ማታም ለቀስተኛው ሳይበተን እዚያው አባቴ ጎን እንቅልፍ ወሰደኝ። በማግሥቱ ሰዉ ጭራሽ በዛ፤ እንደገና ሳልነሣ አረፈድኩ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ካፖርቷን እንዳመጣላት ላከችኝ። ካፖርቱን ታቅፌ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ወንድሞቿ እየተንጫጩ ወደ እጄ ሲሮጡ ታናሿ ጥግ ላይ ተጋድማ ቀረች። አነሣኋት፤ ቀዝቅዛለች። ሚዛን አላስፈለገም። እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም፤ የሰው ካፖርት እንደታቀፍኩ ሳሎኑ መሐል ቆሜ እየጮኽኩ አለቅስ ነበር።

እትዬ አስካለ ብድግ አሉ። «እሰይ የኔ ልጅ! አልቅሺላት! ያላየቻትን አያቷን እኮ ነው! ደም ነው፣ ደም!»

ሴቶቹ ተከተሏቸው፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ተቀጣጠለ። አባቴ ስቦ ደረቱ ላይ አስደገፈኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አውጥቶ «እማዬ፣ እኔ ባልቀብርሽ ልጄ አለቀሰችልሽ» እያለ ተንሰቀሰቀ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። በትከሻው ላይ አሻግሬ ሳይ እናቴ ከመኝታ ቤት ወጣች፤ ቁም ሣጥኑን አይታለች። በነጠላዋ አፏን ሸፍና ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ አትናገሪ ማለቷ ነበር። አፌን ዘግቼ ማልቀሴን ቀጠልኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለቀስኩት ግን ከሐፍረት ነበር።

ሲሞቅ ወንድሞቿ ከነእናታቸው ለክፍል ጓደኛዬ ተሰጡ። አባቴ ግን በጋውን ሁሉ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ትከሻዬን ይዞ «እናቴን ያለቀሰችልኝ ይቺ ናት» ይል ነበር፤ እኔም ብርጭቆ የማጥብ መስዬ ወደ ወጥ ቤት እገባ ነበር። ማታ ሲገባ ደግሞ፣ እንደሚገባኝ ሁሉ፣ ለእኔ ብቻ ስለ አያቴ ያወራልኝ ጀመር፤ ስኳር የምትደብቅበትን ቦታ፣ ከጎረቤት ጋር በዶሮ የተጣላችበትን ቀን፣ ሳቋ ሲያመልጣት መሬት እንዴት እንደምትመታ።

አሁን አያቴን አውቃታለሁ። አባቴም አርጅቶ ታክሲውን ትቷል፤ እሑድ እሑድ ሄጄ ስለ እሷ ሲያወራልኝ እንባዬ ይመጣል፣ አሁን በእውነት ለእሷ የሚፈስ እንባ። እሱ ግን ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ «ተይ ልጄ፣ አንቺ ድርሻሽን ያኔ አልቅሰሻል» ይለኛል።