የመስኮቱ ቦታ

ዛሬ የልጄ መማሪያ ክፍል በር ላይ ቆሜ የናፍጣ ጭስ ሲሸተኝ አስካለ ትዝ አለችኝ። በዘጠናዎቹ፣ ዓለም ከተማ በምትባለው ከተማችን አብረን ስንማር፣ ክፍላችንን ከመናኸሪያው የሚለየው አጥር ብቻ ነበር። አስካለ ከደጋ መጥታ አክስቷ ዘንድ ነበር የምትኖረው። ማሳል ስትጀምር መምህራችን "ትንሽ አየር ታግኝ" ብለው የእኔን የመስኮት ቦታ ሰጧት። መስኮቱ የሚከፈተው ሞተራቸውን ወደሚያሞቁት አውቶቡሶች ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። አባቷ ሊወስዷት መጡ።

"እኛ ዘንድ አንድ ቀን አስላ አታውቅም" አሉ ለመምህሩ። "ትምህርቱ ነው ያልተስማማት።"

አመንኳቸው፤ ትምህርቱ እኔንም እንዳያሳምመኝ ስንት ቀን ሙሉ ደብተሬን ስከፍት ትንፋሼን እይዝ ነበር። አስካለ አልተመለሰችም።

የልጄ አስተማሪ ወደ አስፋልቱ የተከፈተውን መስኮት እያሳየችኝ፣ "ስለምታስል እዚህ አስቀምጫታለሁ፤ አየር ታገኛለች" አለችኝ።