ፕላስተር የተለጠፈበት ውሳኔ

አምቦ ውስጥ በአንድ የመሬት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት የፎቶ ኮፒ ማሽኑን አመል ማን ያውቃል ቢባል፣ ሳላፍር እጄን አወጣለሁ። ሰው ራሱን ሲያመሰግን አያምርም ይላሉ፤ ይበሉ። ቴክኒሻን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ባለጉዳይ እንዳይጉላላ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከማሽኑ አናት ላይ ባለው ማስገቢያ ወረቀት በተሰነቀረ ቁጥር የሚጠራው የእኔ ስም ነበር።

ማሽኑ ሁለት ሦስት ገጽ አብሮ ከጎተተ፣ ወረቀቱ ሳይራገፍ ገብቷል። አጣሞ ካወጣ፣ የግራና የቀኙ መያዣ ላልቷል። ክርክር ብሎ ከቆመ ደግሞ አግራፉ ሳይነቀል ነው የገባው፤ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ ሳይሆን ያስገባው ሰው ነው። ባለጉዳይ ከገጠር ይዞት የሚመጣው ወረቀት ግን የራሱ ጣጣ አለው። አራት ታጥፎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ብብት ሥር ይከርማል፤ እጥፋቱ ሲቀደድ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስተር ይለጠፋል። እንዲህ ያለው ክዳኑ ተነሥቶ መስታወቱ ላይ ይተኛል እንጂ በማስገቢያው አይገባም። ይህን ስንቴ ተናግሬያለሁ!

የኮሮናው ጊዜ ገና ባልተረሳበት ሰሞን አንዲት እናት ከጌዶ መጡ። ባላቸው ሞተው፣ ማሳው የእሳቸው እንዲሆን ፍርድ ቤት ወስኖላቸዋል። የባላቸው ወንድም፣ ዋርሳቸው፣ ግን መሬቱን አልለቅም ብሎ እኛ ቢሮ ድረስ ተከራክሯል። የዚያን ቀን ሁለቱም ተቀጥረው ነበር፤ እሱ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል። እሳቸው የውሳኔው ኮፒ ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ ተጠየቁ። አዲስ የተቀጠረችው ባልደረባዬ ወረቀቱን ተቀበለቻቸውና በማስገቢያው ከተተችው።

እኔ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነበር። «ውይ፣ በላው!» ስትል ሰማኋት።

እኛ ቢሮ ማሽን ወረቀት ሲይዝ «በላው» ነው የሚባለው፤ ማንም አይደነግጥም። እኚህ እናት ግን መሥሪያ ቤት ውስጥ «በላ» ሲባል የሚያውቁት ትርጉም አንድ ብቻ ነው።

«ኛቴ? በላው? ማነው የበላው?» ብለው ጮኹ። «ከዋርሳዬ ጉቦ በልታችሁ ነው ወረቀቴን የበላችሁት! ሌላ የለኝም እኮ!»

ዋርሳቸው ብድግ ብሎ በበሩ አንገቱን አስገባ። ፈገግታውን አየሁት፤ ደሜ ፈላ።

ኃላፊያችን ጩኸቱን ሰምተው መጡ። «እንዳትነኪው፣ ቴክኒሻን ይጠራ» አሉኝ።

«ቴክኒሻኑ እስኪመጣ የእሳቸው ቀጠሮ ያልፋል» አልኩና ማሽኑን አጠፋሁት። ኃላፊያችን ቢቆጡም ደንብ ነበር፤ ግን ከማሽኑ ፈቀቅ አሉልኝ።

ክዳኑን ስከፍት የወረቀቱ ግማሽ ውስጥ ነው። የፕላስተሩ ጫፍ ተላቆ ወረቀት የሚጎትተው ጎማ ላይ ተጠምጥሟል። ባልደረባዬ የጠረጴዛዋን ሳኒታይዘር አቀበለችኝ። ሙጫ ማስለቀቁን ያስለቅቃል፤ ግን ከፕላስተሩ ጎን የፍርድ ቤቱ ሐምራዊ ማኅተም አለ። አልኮል ቢነካው ቀለሙ ይሟሟል። ማኅተሙ የደበዘዘ ውሳኔ በእኛ አገር ውሳኔ አይባልም፤ ዋርሳው «ሐሰተኛ ነው» ለማለት ከዚያ ሌላ አያስፈልገውም። ሳኒታይዘሩን መለስኩላት።

«እናቴ፣ አልተበላም። እዚህ አጠገቤ ይቁሙና በዓይንዎ ይዩ» አልኳቸው።

መጡ። ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ይሰማኛል፤ «ያ ዋቅ፣ ያ ዋቅ» እያሉ አምላካቸውን ይማጸናሉ። ማጥበቂያውን አላልቼ ጎማውን በጣቴ ወደ ኋላ አዞርኩት። ወረቀቱን አልጎተትኩም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጎማው ሲዞር ፕላስተሩ በጥፍሬ ጫፍ ይላቀቃል፤ እንደገና አዞራለሁ፣ እንደገና ይላቀቃል። አንድ ጊዜ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁና ጎማውን ማዞር አቆምኩ። የተቀደደው ድሮም የተቀደደው እጥፋት ነበር።

ወረቀቱ ወጣ። እናትየው ማንበብ አይችሉም፤ ጽሑፉን አላዩትም። ጣታቸውን በማኅተሙ ዙሪያ አዞሩ፣ ክቡ ሙሉ ነው። በረጅሙ ተነፈሱ።

ኮፒው ግን ገና አልተነሣም። እጄን ስዘረጋ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «ይብቃኝ፣ ኢንተላ ኮ። ልጄ፣ ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም።»

እውነታቸውን ነው። «ለእኔም አይስጡኝ፤ ራስዎ ያስተኙት» አልኩና ክዳኑን አነሣሁላቸው። መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ወረቀቱን አስተኝተው፣ አረንጓዴውን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። ብርሃኑ ሲያልፍ አልሸሹም። ኮፒው ሞቅ ብሎ ወጣ፤ ማኅተሙ ጥቁር ይሁን እንጂ ክቡ ጥርት ብሎ ይታያል።

ዋናውን ወደ ብብታቸው መለሱት። ኮፒውን ግን አላጠፉትም፤ በሁለት እጃቸው ከፊት ለፊታቸው ዘርግተው ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ዋርሳቸው ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋሉ?» አሉት፣ አክብረው፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ።

እሱም ከመቀመጫው ተነሥቶ መለሰላቸው። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ እንደዚያን ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም። እጄ በማሽኑ እድፍ እስከ አንጓዬ ጠቁሮ ነበር። ሳልታጠበው ዋልኩ።