የአንበሳው ዘውድ የነበረበት ቦታ

እትዬ ዓሪፋን የማያውቅ ሰው ጨርቅ ይዘው ሲያወሩ ቢያያቸው ጃጅተዋል ይል ይሆናል። ይበል! እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በር ለበር ጎረቤታቸው ስለነበርኩ አውቃለሁ። ልጃቸው አብራር ከደሴ አምጥቷቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውን አሳድገው፣ አሁንስ አረፍኩ ሲሉ ግላኮማ ዓይናቸውን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሶፋው ጥግ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አንድ ጥልፍ ይዘረጋሉ። የሴት ልጃቸው የሱሀይላ ሥራ ነው።

ሱሀይላ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ደሴ ተማሪ ሳለች የጠለፈችው ነው፤ ዘውድ የደፋ አንበሳ ባንዲራ ይዞ። ያኔ የእጅ ሥራ ክፍል የገባች ልጅ ሁሉ አንበሳ ትጠልፍ ነበር አሉ። አብዮቱ ሲመጣ ከባንዲራው አንበሳ ላይ ዘውዱ ወረደ፤ መምህሯም "ዘውዱን ተርትሩ!" ብላ አዘዘች። ሱሀይላ ቤት ይዛው መጥታ፣ እናቷ ጎን ተቀምጣ፣ እያለቀሰች ተረተረችው። ለጃንሆይ አዝና እንዳይመስላችሁ፤ የለፋችበት ነዋ! ብዙም ሳይቆይ በቀይ ሽብር ጊዜ "ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ" ብለው ወሰዷት፤ አልተመለሰችም። ፎቶዎቿን እናትየው ፍተሻ ፈርተው በገዛ እጃቸው አቃጥለዋል። መቃብር የለ፣ ፎቶ የለ፤ የቀረቻቸው ያቺ ጥልፍ ብቻ ነበረች።

ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ጣታቸው አንበሳውን ዳብሶ ዳብሶ አናቱ ላይ ይቆማል። ዘውዱ በነበረበት ቦታ የሱሀይላ መርፌ የበሳቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። "እዚች ጋ ናት፣ ዓለሜ" ይሉኛል፤ ዓለምዘርፍ የሚለውን ስሜን አሳጥረው። "ይቺን ስትተረትር አጠገቤ ነበረች።"

በፈረንጆቹ 2012 በፈቃዱ መጣ። እዚህ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሰብሳቢ ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ግን እጁ አርፎ የማይቀመጥ። እዚሁ ቅርባችን ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ የድሮ አሜሪካ ልጃገረዶች ስለ አገራቸው የጠለፏቸው ሥዕሎች ሊታዩ ነው፣ የእኛንም አጠገባቸው እንስቀል አለ። እትዬ ዓሪፋ እምቢ ብለው ብለው በመጨረሻ፣ "ስሟ ይጻፋል?" አሉት።

"በትልቁ ነዋ!" አላቸው።

ሰጡት። "አንድ ቀን እንኳ ስሟን ሰው ይጥራው" አሉኝ።

እኔ ልብስ የማስተካክልበት ሱቅ እዚያው አሌክሳንድሪያ ስለሆነ፣ በመክፈቻው ቀን ከሥራ አስፈቅጄ ይዣቸው ገባሁ። እያንዳንዱን ጥልፍ ነገርኳቸው፤ ንስር፣ ባለኮከብ ባንዲራ፣ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት፣ ሐውልት ተደግፋ ስታለቅስ።

"ምን ሆና ነው?"

"የመጀመሪያ መሪያቸው ሞቶ ነው። ሴትየዋ አገራቸው ናት አሉ፤ መቃብሩን ተደግፋ ታለቅሳለች።"

"ታድላ" አሉ። "የምትደገፈው መቃብር አላት።"

 ክንዳቸውን ይዤ ወደሚቀጥለው አሻገርኳቸው።

የሱሀይላ ጥልፍ ጋ ስንደርስ ግን ደሜ ፈላ። አንበሳው ዘውድ ደፍቷል! የሚያብረቀርቅ፣ ወፍራም፣ ኮፍያ ላይ በሚጠልፍ ማሽን የተሠራ ዘውድ። በፈቃዱ ምርቃት ሊቀበል ፈገግ ብሎ መጣ። "ጎዶሎ ሆኖ ከሚታይ ብዬ ፊክስ አስደረግኩት። ሰርፕራይዝ ነው እትዬ!"

"ምን አባህ..." ብዬ ስጀምር የእትዬ እጅ ጨርቁ ላይ ደርሷል። ጣታቸው አንበሳው አናት ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

"ዓለሜ፣ ይሄ የኛ አይደለም። የኛን አምጪልኝ።"

"የእርስዎ ነው፣ እትዬ።"

"ያ ረቢ!" ብለው የጮኹት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በፈቃዱም ነገሩ ሲገባው አለቀሰ፤ ማልቀሱ ምን ሊረባ! ጥልፉን አስወርጄ ይዣቸው ወጣሁ።

ቤት እንደገባን "ተርትሪልኝ" አሉኝ። ስተረትር የምውል ሰው ነኝ፤ ገና ገልብጬ ሳየው ግን ተስፋ ቆረጥኩ። ማሽኑ ያንን ያረጀ ጨርቅ ወንፊት አድርጎታል፤ ከኋላም ሌላ ጨርቅ በሙጫ ለጥፈውበታል።

"እትዬ፣ ይቀደዳል። በሞቴ ይተዉት።"

"ከዚህ ሥር አፍነዋት እኔ ልተዋት?"

"ኧረ በፈጠረዎት!"

"እሷ ስትተረትር አልከለከልኳትም። አንቺም አትከልክይኝ" ብለው ስፌት መፍቻዋን ከእጄ ወሰዱ።

ጨርቁን ከሥር በመዳፌ ደግፌ ያዝኩላቸው። ሌላ ምን አቅም አለኝ? ክሩን በጥፍራቸው እየፈለጉ ይበጥሳሉ። "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ፣ ላወጣሽ ነው" ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ ጨርቁ ለቀቀ። ዘውዱ ከነአንበሳው አናት ተገንጥሎ እጃቸው ላይ ቀረ። እሳቸው የተነሳው ዘውዱ ብቻ መስሏቸው ወረወሩት፤ ጣታቸውንም ቀስ አድርገው ወደ ቦታው ሰደዱ።

ጣታቸው በቀዳዳው አልፎ ከሥር መዳፌን ነካ። ፊታቸው በራ።

"ይቺ ማናት?" አሉ።

"እኔ ነኝ እትዬ። ዓለሜ ነኝ።"

ጣታቸውን አላነሱም።

"አንቺን አላልኩም" አሉ።