የዳንግላው ሦስተኛ ጉድጓድ

ዓርብ፣ ደብረ ማርቆስ

ከቤት የወጣሁት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ የጭነት መኪናው የተነሣው ግን በሦስት ሰዓት። ሾፌሩ ጆንያ ሲያስጭን እኔ ሦስት ብሬን ከፍዬ ጋቢና ውስጥ እንደ ዕቃ ተቀምጫለሁ።

የምሄደው ዳንግላ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በጽዳት ተቆጣጣሪነቴ የቄራው ደምና እጣቢ ሳይጣራ ወንዝ እንዳይገባ ሦስት ጉድጓድ አስቆፍሬ ነበር። አንደኛው ዝቃጩን ያስቀራል፣ ሁለተኛው በጠጠርና በአሸዋ ያጣራል፣ ከሦስተኛው የጠራው ውሃ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ዘንድሮ ግን ከከተማው በታች ያሉ ሰዎች ውሃው እንደ ድሮው ይሸታል፣ ልጆቻችን በተቅማጥ ታመሙ ብለው አቤት አሉ። አለቃዬም ሄደህ እይ፣ የማይሠራ ከሆነ ይደፈን፣ ለእንጅባራ የታሰበውም ይቅር አለኝ።

እንጅባራ ስንደርስ ሾፌሩ ሞተሩ ይቀዝቅዝ ብሎ ጠፋ። በዚያ ጉምና ብርድ የማይቀዘቅዝ ምን ዓይነት ሞተር እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እዚያው አደርን።

ቅዳሜ፣ ዳንግላ

አዲስ ቅዳም አጠገብ ጭቃ ያዘንና ወርደን ገፋን። ዳንግላ የገባሁት እስከ ጉልበቴ ተለውሼ፣ ሆዴም እየጮኸ ነው። ገበያው መግቢያ ላይ ወይዘሮ ስንዱ ከሚባሉ ሴት በአሥር ሳንቲም ግብጦ ገዛሁ። ምሬቱ ጥርግ ብሎ ወጥቶለታል። እንዲህ ያለ ግብጦ በልቼ አላውቅም ብላቸው አንድ እፍኝ መረቁልኝ። ይህ ጥራጥሬ ምሬቱ የሚለቀው ወራጅ ውሃ ውስጥ ለቀናት ሲነከር ነው፤ የት እንደነከሩት ግን አልጠየቅኋቸውም።

እያላመጥኩ ወደ ጉድጓዶቹ ወረድኩ። አንደኛውና ሁለተኛው ሞልተው፣ ቆሻሻው በጎን ፈስሶ ቀጥታ ወንዙ ገብቷል። ሦስተኛው ውስጥ ዘጠኝ ጆንያ ተደርድሮ መውጫውን ደፍኖታል። አንዱን ፈትቼ አየሁ፤ ግብጦ ነው። አፌ ውስጥ የነበረውን ተፋሁት።

የጉድጓዶቹን ዘበኛ ጠርቼ ምን ስትሠራ ነበር አልኩት። ሌባ እንዳይነካው ሌት ተቀን ስጠብቅ ነበር አለኝ፣ በኩራት። ደሜ ፈላ። ለጉድጓዱ የተቀጠረው ሰው ጆንያ ሲጠብቅ ከርሟል።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ስንዱ ራሳቸው አሥረኛ ጆንያ አሸክመው መጡ። ጮኽኩባቸው።

«እማማ፣ ይህ የቄራ እጣቢ ነው! ማን ነው ንጹሕ ነው ያለዎት?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ጌታዬ። ጉድጓዱ የተመረቀ ዕለት እዚችው ቆመው በዚህ ውሃ ፊትዎን ታጠቡ፤ ተጉመጠመጡም። የገበያው ሰው ሁሉ አይቷል።»

እውነታቸውን ነው። ያን ዕለት የቄራ እጣቢ ይጠራል ብል ሕዝቡ ሲስቅብኝ ተናድጄ፣ አፉን ላስይዘው ብዬ ያደረግሁት ነው። ውሃው ለወንዙ እንጂ ለአፍ እንዳልተጣራ ግን አልተናገርኩም። መውጫው መደፈን እንደሌለበትም ትንፍሽ አላልኩም።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ወንዙን ተከትሎ የሚወርደውን ቆሻሻ አሳየኋቸው። ታች ያለው መንደር እንደሚጠጣውና ልጆቹ እንደታመሙም ነገርኳቸው።

«ልጄ የተዳረችው እኮ እዚያ ነው» አሉ።

ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡና ጆንያዎቹን አንድ በአንድ እየጎተቱ አወጡ። ግብጦውንም ከወንዙ ራቅ አድርገው ደፉት። የክረምት ድካማቸው ነበር። ውሃው ተንደቅድቆ ወረደ፤ ሲመሽ አንደኛው ጉድጓድ ጎድሎ ነበር። እሑድ ውለን፣ ሰኞ ከቄራው በላይ ካለው ምንጭ ለግብጦ የሚሆን ቦይ አስቀደድኩላቸው።

ሐሙስ፣ ቤቴ

ከጉድጓድ የሚበልጥ ሥራ ሰው ማስረዳት እንደሆነ ለመማር ይህን ሁሉ ጭቃ ማቡካት ነበረብኝ። ማታውኑ የሪፖርቱን ቅጽ ሞላሁ። «ይሠራል ወይስ ይደፈን?» ለሚለው፣ ይሠራል፤ ለእንጅባራም ይሠራ ብዬ ጻፍኩ። «የብልሽቱ ምክንያት» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ፈረምኩበት፦ ተቆጣጣሪው በሕዝብ ፊት ፊቱን ታጥቦበታል።